ደመወዝን ስለ ማሰንበት
ያገለገለ ዕቃ ለሚገዙ ተማሪዎችና ጀማሪ ሠራተኞች

አንባቢ ሆይ! ከወሩ ቀኖች ሁሉ ሃያኛው ቀን የከበደ መሆኑን ማንም ሳይነግርህ ታውቀዋለህ። የተቀበልኸው ደመወዝ ከኋላህ ርቆአል፤ የምትቀበለው ደግሞ ገና አልቀረበም። ጧት ከልደታ ተነሥተህ ወደ ሥራህ ስትሄድ የታክሲውን ሒሳብ ሳትከፍል በፊት ሁለት ጊዜ ትቈጥረዋለህ። በምሳ ሰዓት ጓደኞችህ «እንውጣ» ሲሉህ «ዛሬ አልራበኝም» ትላለህ። ተማሪም ከሆንህ ከቤት የተላከልህ ገንዘብ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ ቀልጦአል። የጫማህ ሶል የሚከፈተው እንግዲህ በዚህ ቀን ነው፤ የሠርግ ጥሪ ወረቀት የሚደርስህም በዚሁ ቀን ነው።

እስቲ አንድ ወጣት እናስብ። ብዙዎቻችን እርሱን ስለምንመስል ስም አንሰጠውም። ትምህርቱን ጨርሶ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጀማሪነት ከተቀጠረ አራት ወሩ ነው። በልደታ አካባቢ ከሁለት ጓደኞቹ ጋራ አንዲት ክፍል ተከራይቶአል። ለእናቱ በየወሩ ጥቂት ብር ይልካል፤ ማታ ማታ ትምህርቱን ለመቀጠልም አስቦአል። የአጎቱ ልጅ ሲያገባ ሚዜ እንዲሆን ተጠራ። «በአሮጌ ልብስ ሚዜ መሆን ውርደት ነው» ብሎ አዲስ ሙሉ ልብስ በዱቤ ወሰደ። ሠርጉ በአንድ ቀን አለፈ፤ ዕዳው ግን አምስት ወር ቈየ። ለእናቱ የሚልከው ገንዘብ ቆመ፤ የማታውም ትምህርት ለሌላ ዓመት ተላለፈ። ሙሉ ልብሱስ? ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሌላ ሠርግ ይጠብቃል።

የዚህ ወጣት ስሕተት ልብስ መግዛቱ አይደለም። አምሮ መልበስ ነውር የለበትም። ስሕተቱ፥ ሌላ በር መኖሩን እያወቀ በይሉኝታ ምክንያት ሳያንኳኳው መቅረቱ ነው። ያ በር ያገለገለ ዕቃ ገበያ ነው። ዛሬ የምንነጋገረውም ይህ በር እንዴት እንደሚከፈት፥ ከገቡም በኋላ ሳይታለሉ እንዴት እንደሚወጡ ነው።

የልደታ አምስት አውሮፕላኖች

ዛሬ በልደታ ስታልፍ የምታየው ቤተ ክርስቲያኑን፥ ፍርድ ቤቱንና የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹን ነው። አባቶቻችን ግን ልደታ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚላቸው ሌላ ነገር ነበረ፤ ይኸውም የአውሮፕላን ማረፊያው ነው። ቦሌ ሳይሠራ በፊት የመዲናዪቱ አውሮፕላኖች የሚነሡትና የሚያርፉት በልደታ ሜዳ ነበር።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ አደረገ። በምን አውሮፕላን ይመስልሃል? ከፋብሪካ በወጣ አዲስ አውሮፕላን እንዳይመስልህ። ሥራውን የጀመረው ሲ 47 በሚባሉ አምስት አውሮፕላኖች ነው፤ እነርሱም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ከአሜሪካ ጦር ሠራዊት የተረፉና የተሸጡ ነበሩ። በጦርነቱ ጊዜ ወታደርና ጭነት ለማመላለስ የተሠሩ እንደ መሆናቸው መጠን ምቾት አልነበራቸውም፤ መንገደኛው በግራና በቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፥ ጭነቱም በመካከል ታስሮ ይሄዳል።

ያ አየር መንገድ ሁለት አዳዲስ ቦይንግ 720 ጄቶች የተቀበለው በ1955 ዓ.ም. ነው። ጄቶቹም የሚያስፈልጋቸው ረዥም ሜዳ ስለ ነበረ የቦሌ ማረፊያ ተሠራ፤ የልደታም ዘመን በዚሁ አበቃ። እንግዲህ ነገሩን በሚገባ ተመልከተው። ዛሬ ስሙ በዓለም የታወቀ ድርጅት በሰው እጅ ባገለገለ ዕቃ ጀመረ፤ በእርሱም ሠርቶ አተረፈ፤ አቅሙ ሲደርስ አዲስ ገዛ። በአሮጌ አውሮፕላን በመጀመሩ ያፈረለት ሰው የለም። ታዲያ አንተ በሰው ኮት ሥራ ብትጀምር የሚያሳፍርህ ምንድን ነው?

ይሉኝታ ስንት ያወጣል?

«ሰው ምን ይለኛል?» የሚለው ጥያቄ ከልብሱ ዋጋ ይልቅ ያስወጣል። ከዚህም በላይ ስለ ልባሽ ልብስ የሚወራ ብዙ ነገር አለ፤ አንዱ «የሞተ ሰው ልብስ ነው» ይላል፥ ሌላው «በሽታ አለበት» ይላል። ይህ ወሬ የእኛ ብቻ አይደለም። የጋና ሰዎች ልባሽ ልብስን «ኦብሮኒ ዋዉ» ይሉታል፤ «ነጩ ሞቶአል» ማለት ነው። በኬንያና በታንዛንያ ደግሞ «ሚቱምባ» ይባላል፤ ቃሉ እንደ እኛ «ቦንዳ» የታሰረ ጥቅልን የሚያመለክት ነው። ስሙ ይለያይ እንጂ ከአፍሪካ ጫፍ እስከ ጫፍ እየሳቀ የሚገዛውና የሚለብሰው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው።

በሀብታሞቹም አገር ቢሆን ነገሩ ያው ነው። በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ኤድጋር ሄልምስ የሚባሉ ሰባኪ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1902 ከሀብታሞች ቤት አሮጌ ልብስና ዕቃ እየሰበሰቡ፥ ድኾች በደመወዝ እንዲጠግኑት እያደረጉ፥ የተጠገነውን በርካሽ ማሸጥ ጀመሩ። «ጉድዊል» የሚባለው ትልቅ ድርጅት የተወለደው ከዚህ ነው። በእንግሊዝ አገርም «ኦክስፋም» የተባለው የርዳታ ማኅበር በ1940ዎቹ ማብቂያ በኦክስፎርድ ከተማ ሱቅ ከፍቶ ሰዎች የሰጡትን ዕቃ እየሸጠ ገቢውን ለተራቡ ማዋል ጀመረ።

ይልቁንም አንድ ታሪክ ልንገርህ። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ወደ አዲስ አበባ በተመለሱበት በ1933 ዓ.ም.፥ በፈረንጅ አቈጣጠር ሰኔ 1 ቀን 1941፥ የእንግሊዝ መንግሥት ልብስ በኩፖን እንዲሸጥ አዘዘ። ጦርነቱ ጨርቁንም ሠራተኛውንም ወስዶ ነበርና። ለአንድ ሰው ለመጀመሪያው ዓመት 66 ኩፖን ተሰጠው፤ ገበር ያለው የወንድ ኮት ብቻውን 13 ኩፖን ይጠይቅ ነበር። ላገለገለ ልብስ ግን ኩፖን አይጠየቅም ነበር። መንግሥቱም በ1943 የተቀደደ እንዴት እንደሚጠገን፥ ያረጀም እንዴት እንደሚታደስ የሚያስተምር ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ዘመን የተጠገነ ክርን ይዞ መውጣት የሚያሳፍር ሳይሆን የሚያስመሰግን ሆነ። ነውርና ክብር እንግዲህ በጨርቁ ውስጥ የተሠሩ አይደሉም፤ በሰው አሳብ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው።

እኛም ዛሬ የራሳችን ምክንያት አለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በባንክ ከ100 ብር በላይ ወጥቶአል። አዲሱ ልብስና ጫማ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ስለ ሆነ ዋጋው ከዶላሩ ጋራ ይወጣል። የጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ግን ዶላሩን ተከትሎ ለመሮጥ እግር የለውም።

ገበያው ወዴት ነው?

ገበያውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግህም፤ አንዳንዴ ገበያው ራሱ ወደ በርህ ይመጣል። ቅዳሜ ጧት ተኝተህ ሳለህ «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል ድምፅ ሰምተህ ታውቃለህ። ልዋጭ ማለት ሳፋውን፥ ጆጉን፥ ሳሕኑን ተሸክሞ በየሰፈሩ እየዞረ በአሮጌ ልብስና ጫማ የሚለውጥ ነጋዴ ነው። ቀጥሎም «ቁራሌው!» የሚለውን ትሰማለህ። «ቆርቆሮ ያለው!» የሚለው ጥሪ በጩኸት ብዛት አጥሮ ነው እንዲህ የሆነው። እርሱ ደግሞ ጠርሙሱን፥ ጣሳውን፥ ብረታ ብረቱን፥ የተሰበረውን ወንበር ሳይቀር በገንዘብ ይገዛል።

እነዚህ ሰዎች የሰበሰቡትን ወዴት ይወስዱታል? ብዙው ወደ መርካቶ ይሄዳል። ከልደታ በአብነት በኩል ሽቅብ ብትወጣ መርካቶ ትደርሳለህ። መርካቶ በጣልያን ወረራ ዘመን፥ የአራዳው የጊዮርጊስ ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በተደረገ ጊዜ የተቈረቈረ መሆኑን ታሪክ ይነግረናል። በውስጡም «ምን አለሽ ተራ» የሚባለው ስፍራ አለ፤ ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው። በዚያ የማይሸጥ አሮጌ ነገር የለም ማለት ይቻላል። የበር ማጠፊያ፥ የቧንቧ አንገት፥ የምድጃ እግር፥ ክዳኑ የጠፋ ድስት፥ ድስቱ የጠፋ ክዳን ሁሉ ይገኛል። አሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ሲሆን፥ ያረጀ የመኪና ጎማ ተቈርጦ በረባሶ ጫማ ሲሆን በዐይንህ ታያለህ። ልባሹ ልብስ ደግሞ «ሳልባጅ» በሚባለው ስሙ ለብቻው ተራ ይዞ ይሸጣል።

ሦስተኛው ገበያ ጎረቤትህ ነው። በጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖር ሰው ቤት ሲለቅቅ ወይም ወደ ውጭ አገር ሲሄድ አልጋውን፥ ቁም ሳጥኑን፥ ምጣዱን በአስቸኳይ ይሸጣል። የሚቸኵል ሻጭ ደግሞ ብዙ አይከራከርም። ስለዚህ የሕንፃውን ጥበቃ ሰላም ማለት ትርፍ አለው፤ ማን እንደሚለቅቅ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነውና።

አራተኛው ሐራጅ ነው። መሥሪያ ቤቶች ያገለገለ ጠረጴዛ፥ ወንበርና መደርደሪያ በጨረታ ይሸጣሉ፤ ማስታወቂያውም በጋዜጣና በየበሩ ይለጠፋል። የጨረታው ደንብ የሚለውን አስቀድመህ አንብብ እንጂ በሰው ውድድር ስሜት ተነሥተህ ዋጋ አትስቀል።

ለተማሪ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ገበያ ከእርሱ አንድ ዓመት ቀድሞ የተማረው ጓደኛው ነው። ያገለገለ የትምህርት መጽሐፍ በግማሽ ዋጋ ተገዝቶ፥ በንጽሕና ተይዞ፥ በዓመቱ ለሚቀጥለው ተማሪ ቢሸጥ ያነበብኸው በነጻ ነው ማለት ይቻላል። ብቻ ስትገዛ ኅትመቱ መምህሩ ያዘዙት መሆኑንና ገጽ አለመጕደሉን አረጋግጥ።

ስለ ቦንዳ አንድ እውነተኛ ቃል

ከዚህ ላይ ሳይሸፋፈን መነገር ያለበት ነገር አለ። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ከውጭ ማስገባት በአገራችን ለብዙ ዓመታት ክልክል ሆኖ ቈይቶአል። የጉምሩክ ሰዎች በየጊዜው ያዝነው ብለው ከሚያስታውቁት የኮንትሮባንድ ዕቃ መካከል ልባሽ ጨርቅ የማይጠፋውም ስለዚሁ ነው። የክልከላው ምክንያት ግልጽ ነው፤ በርካሽ የሚገባው ቦንዳ የአገሩን ሸማኔ፥ ልብስ ሰፊና የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ እንጀራ ይነካል።

ይህ ክርክር ሌሎችንም አገሮች አስጨንቆአል። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበር አገሮች በፈረንጅ አቈጣጠር በ2016 ልባሽ ልብስ ማስገባትን ቀስ በቀስ ሊያስቀሩ ተስማሙ። ሩዋንዳ በዚያው ዓመት በአንድ ኪሎ ላይ የነበረውን 20 የአሜሪካ ሳንቲም ቀረጥ ወደ ሁለት ዶላር ተኩል አወጣችው። አሜሪካ ደግሞ በ2018 ሩዋንዳ ልብስ ያለ ቀረጥ ወደ እርስዋ የምትልክበትን መብት አገደች። ከአንዲት አሮጌ ሸሚዝ በስተኋላ የመንግሥታት ክርክር መኖሩን ከዚህ ትረዳለህ።

ታዲያ ጧት በመሥሪያ ቤት ስለ ሕግ ደብዳቤ የሚጽፍ ሠራተኛ ማታ የኮንትሮባንድ ቦንዳ ሲበረብር ቢገኝ ደስ አይልም። ምክሬ ይህ ነው፤ አስቀድመህ በአገር ውስጥ የሚዞረውን ፈልግ። ልዋጩ ከሰፈር የሰበሰበው፥ ጎረቤትህ የተወው፥ መሥሪያ ቤት በሐራጅ የሸጠው፥ ዘመድህ የጠበበው ኮት፥ ይህ ሁሉ ከማንም እንጀራ አይወስድም። ይልቁንም ለልዋጩ፥ ለጫማ ጠጋኙና ለልብስ ሰፊው ሥራ ይሰጣል።

ዐይንህን ግለጥ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ አባቶች። አዲስ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ቢያንስ የፋብሪካው ስም አለበት። ያገለገለ ዕቃ ግን ዳኛው ዐይንህ ብቻ ነው።

በበኩሌ ተማሪ ሳለሁ ይህን በዋጋ ተምሬዋለሁ። አንድ ማታ በመንገድ ዳር ከተዘረጋ ሸራ ላይ፥ በጭላንጭል ብርሃን፥ ጥሩ የቆዳ ጫማ አገኘሁ። ለካሁት፤ ልክ ነው። ተከራከርሁ፤ ቀነሰልኝ። እየተደሰትሁ ሄድሁ። በማግስቱ በፀሓይ ባየው አንዱ ጥቁር፥ ሁለተኛው ደግሞ የጠቆረ ቡኒ ሆኖ ተገኘ። ሻጩን ብፈልገው እርሱም ሸራውም የሉም። ጓደኞቼም «ሁለት ዐይነት ጫማ ያለው ሀብታም» እያሉ ወር ሙሉ ሳቁብኝ። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ፥ በመሸ ጊዜ አትግዛ የሚል ነው። ሱቅ ውስጥም ከሆነ ዕቃውን ይዘህ ወደ በሩ ውጣ።

ልብስ ሲሆን እንዲህ አድርግ። አንደኛ፥ ወደ ብርሃን አንሥተህ በጀርባው ተመልከት፤ ብል የበላው ወይም የሳሳ ስፍራ ካለ ብርሃኑ ሾልኮ ይነግርሃል። ሁለተኛ፥ ቶሎ የሚያልቁትን ስፍራዎች እይ፤ እነርሱም ኮሌታው፥ ብብቱ፥ ክርኑ፥ የሱሪው መቀመጫና ጉልበቱ ናቸው። ሦስተኛ፥ ገልብጠህ ገበሩንና ስፌቱን መርምር። አራተኛ፥ ዚፑን ሦስት ጊዜ ከፍተህ ዝጋ፤ ቁልፎቹን ቍጠር። አምስተኛ፥ ትከሻውን ለካ። እጅጌ ይሳጠራል፥ ወገብ ይጠባል፥ የሱሪ እግር ይቈረጣል፤ ትከሻው ያልገጠመ ኮት ግን ልብስ ሰፊውን ያደክማል፥ አንተንም ያስከፍላል። እኅቴ ሆይ፤ አንቺም ቀሚስ ስትገዢ ከታች የታጠፈው ጨርቅ ምን ያህል እንደ ተረፈ እዪ፤ ማስረዘም የሚቻለው ትርፍ ሲኖረው ነውና።

«ንጹሕ ሱፍ ነው» ካሉህ በሻጩ ፈቃድ ከግርጌው አንድ ክር መዝዘህ በክብሪት አቃጥለው። ሱፍ ከሆነ እንደ ጠጕር ይሸታል፥ ዐመዱም በጣት ሲነካ ይደቅቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል። ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ከሆነ ግን ከፋብሪካ ኬሚካል የተሠራ ነው፤ ዋጋውንም እንዲሁ አውርደው።

የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሆነ ተሰክቶ ሲሠራ ሳታይ ገንዘብ አታውጣ፤ ምጣድም ቢሆን እስኪግል ድረስ ጠብቅ። ሽቦው የተላጠ ከሆነ ተወው። የእንጨት ዕቃ ከሆነ አናቱን ሳይሆን እግሩንና ጀርባውን እይ። ከዋንዛ የተሠራ አሮጌ ጠረጴዛ ቢቧጠጥም ተፍቆና ቀለም ተቀብቶ ይታደሳል፤ ከፍቅፋቂ የተጣበቀ አዲስ ጠረጴዛ ግን ውሃ ከነካው ያብጣል። አልጋና ወንበር ስትገዛ መጋጠሚያውን በእጅህ ስልክ መብራት መርምር፤ ትኋን ይዞ የሚገባ ርካሽ አልጋ ከወርቅ አልጋ ይወደዳል።

ስለ ዋጋ ክርክርም ጥቂት እንበል። ጧት በማለዳ ሂድ፤ ነጋዴው ገበያውን ለመክፈት ይፈልጋል። መውደድህ በፊትህ እንዳይታወቅ አድርግ። ነገሩም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይሄዳል።

«ወንድሜ፤ ና ግባ! ለአንተ የተሰፋ ነው የሚመስለው።»

«የመጨረሻው ስንት ነው?»

«ኧረ ገበያዬን ክፈትልኝ፤ ላንተ እቀንሳለሁ።»

«ቁልፉ ጐድሎአል፤ ገበሩም እዚህ ጋ ተቀድዶአል። የማሰፊያውን ቀንስልኝ።»

ከዚህ ላይ ልብ በል፤ ገዢው ሻጩን አልሰደበም፥ ዕቃውንም አላጣጣለም። ያየውን ጕድለት በትሕትና ቈጥሮ አሳየ። ነጋዴውም የሚኖርበት እንጀራ አለውና ትርፉን ሁሉ ላሳጣህ አትበለው። በቅንነት የገዛ ደንበኛ ሲመለስ ከሸራው ሥር የተደበቀው ጥሩ ዕቃ ይወጣለታል።

ቤትህ ከደረስህ በኋላ ልብሱን ከሌላው ልብስህ ጋራ ሳትቀላቅል በሙቅ ውሃ እጠበው፤ በፀሓይ አስጣው፤ በተለይ ስፌት ስፌቱን በጋለ ካውያ ተኵሰው። «በሽታ አለበት» ለሚለው ወሬ መልሱ ውሃ፥ ሳሙናና እሳት ነው። ሱፍ የሆነውን ግን በሙቅ ውሃ እንዳታጥበው፤ ይሰበሰባል። እርሱን ለላውንደሪ ስጠው።

ደግሞም ያገለገለ የማይገዛበት ነገር አለ። የውስጥ ልብስ፥ የጥርስ ብሩሽ፥ የተጐዳ ፍራሽ፥ የሞተር ብስክሌት ቆብ፥ የሕፃን ጡጦ፥ የዐይን መነጽርና መድኀኒት በማንኛውም ርካሽ ዋጋ ቢሆን አዲስ ይገዛ እንጂ ከሰው አይወሰድም።

ሦስት ርካሽ ኮት

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ቍጥሩ ለምሳሌ ያህል እንጂ የዛሬ ገበያ ዋጋ አይደለም። አዲስ ኮት 6,000 ብር ነው እንበል። ያገለገለውን በ1,800 ብር አገኘህ፤ ለልብስ ሰፊ 300፥ ለላውንደሪ 200 ብር ከፈልህ። ሁሉም ተደምሮ 2,300 ብር ነው። 3,700 ብር ተረፈህ ማለት ነው።

ነገር ግን ብዙ ሰው የሚወድቀው ከዚህ ላይ ነው። ኮቱ ርካሽ ሆኖ ስላገኘው ሌላ ኮት ይጨምራል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም ሦስተኛ ይደግማል። ሦስቱ ኮቶች 6,900 ብር ሆኑ። አዲስ አንድ ኮት ከገዛው ሰው ይልቅ 900 ብር አብልጦ አወጣ፤ ቁም ሳጥኑም ተጨናነቀ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ለእንደዚህ ያለው ነው። ርካሽ ነገር የሚጠቅመው አስቀድሞ የሚያስፈልግህ ነገር ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ከቤትህ ሳትወጣ የምትፈልገውን በወረቀት ጻፍ፤ የሚበቃህን ገንዘብ ብቻ ያዝ፤ ካልጻፍኸው ነገር አንዱን እንኳ ይዘህ አትመለስ።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን የተረፈው ገንዘብ ስም እንዲኖረው ማድረግ ነው። ስም የሌለው ብር በኪስ ውስጥ አያድርም፤ በማኪያቶና በታክሲ ተበትኖ ይቀራል። ኮቱን በገዛህበት ቀን ማታ 3,700 ብሩን «ይህ የእናቴ ነው»፥ «ይህ የማታ ትምህርት ነው»፥ «ይህ የዕቁብ ዕጣ ነው» ብለህ ለየው። በመሥሪያ ቤትህ ከሚያምኑህ አሥር ጓደኞች ጋራ ዕቁብ ብትገባ፥ ብቻህን ልታስቀምጠው የማትችለውን ገንዘብ ወዳጆችህ ያስቀምጡልሃል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለምን?

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ወደዚያ ሚዜ እንመለስ። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ወደ ገበያ ወጥቶ፥ ትከሻው የገጠመለትን ኮት በፀሓይ መርምሮ፥ ልብስ ሰፊውን አስጠብቦና አስተኵሶ ቢለብስ ኖሮ፥ ከሙሽራው ጓደኞች መካከል ማን ያውቅበት ነበር? በፎቶግራፉ ላይ ኮቱ አዲስ ይሁን አሮጌ አይለይም። እናቱ ግን በወሩ የሚላክላት ገንዘብ አለመቋረጡን ታውቅ ነበር። የማታው ትምህርት መዝገብም ስሙን ይዞ ይገኝ ነበር።

ደግሞ አንተም የሰው ባለውለታ መሆንህን አትርሳ። የምትለብሰውን ኮት አንድ የማታውቀው ሰው በንጽሕና ስለ ያዘው ነው ለአንተ የደረሰው። ስለዚህ አንተም የያዝኸውን ልብስ ሳይቀደድ ስፋው፥ ጫማህን ሳይደርቅ ቅባው፤ ደመወዝህ አድጎ አዲስ የምትገዛበት ቀን ሲመጣም አሮጌውን ብል እስኪበላው አትሰቅለው። ከአገር ቤት ለመጣ ታናሽ ወንድምህ ስጠው፤ ዘመድ ከሌለህም ቅዳሜ ጧት «ልዋጭ!» ሲባል በርህን ክፈት።

የልደታ ሜዳ ዛሬ የመንገደኛ አውሮፕላን አይነሣበትም። በየቀኑ ጧት ግን ሥራ የሚጀምሩ ወጣቶች ከልደታ ይነሣሉ። የለበስኸው ኮት ከአንተ በፊት ማን ነበረው ብሎ የሚጠይቅህ ቢኖር አትደንግጥ። አምስቱን አሮጌ አውሮፕላኖች አስታውሰውና ወደ ሥራህ ሂድ።